ደፍራሽ ውሃ ላይ የሚሰራ ሉር እንዴት ይመረጣል (ከደሴና ከኮምቦልቻ ሐይቅ ለምትወርዱ)

ክረምት ላይ ሐይቅ (ከደሴ ወደ ሰሜን ሐይቅ ከተማ ጋ ያለው) ወርዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ ጥሎ ካደረ አንከርከሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ጋ ውሃው ቡኒ ነው፣ ቦርከና ወንዝማ ጭራሽ አይወራም። ዩቲዩብ ላይ ስለ ሉር፣ ማለትም ዓሣ ለማታለል መንጠቆ ላይ ስለሚደረገው የውሸት ምግብ፣ የሚያስተምሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ባስ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፣ ወደኛ ቀረብ ያለው ኬንያ ናይቫሻ ያለው ነው። ሐይቅ ላይ ሉር የሚነክስላችሁ አምባዛ ነው፣ ቆሮሶን በትል ወይ በሊጥ ሞክሩት እንጂ በሉር አትድከሙ። ግን የባሱ ትምህርት ለአምባዛም ይሰራል፣ ምክንያቱም ውሃው ሲደፈርስ ሁለቱም ዓይናቸውን ትተው ንዝረት ነው የሚከተሉት፣ አምባዛ ደግሞ ፂሙና ማሽተቱ አለለት።

መጀመሪያ ውሃውን ለኩት። ነጭ የጀሪካን ክዳን ከድንጋይ ጋር ክር ላይ እሰሩና ቀስ እያላችሁ ልቀቁት፣ የት ላይ እንደጠፋ ክሩን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከአንድ ሜትር በላይ ከታየ ውሃው ጥሩ ነው፣ የፈለጋችሁትን ሉር ተጠቀሙ። ክንድ አካባቢ ከጠፋ ይሄ ጽሁፍ ለናንተ ነው። ስንዝር ሳይሞላ ከጠፋ ግን ቦታ ቀይሩ፣ ወይም ጭቃውና ንጹሁ ውሃ የሚገናኙበት መስመር ላይ ቁሙ፣ የሚያድን ዓሣ እዛ ጥግ ይዞ ነው የሚጠብቀው።

ቀጥሎ ድምፅ። ሰው ሁሉ ከቀለም ይጀምራል፣ እኔ ቀለምን መጨረሻ ነው የማየው። ዓሣ ጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው የሚሄድ መስመር አለው፣ የውሃ ንዝረት የሚሰማው በሱ ነው፣ ስለዚ ሉሩን ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለው ውሰዱት። የሚሽከረከር ብረት ያለው ስፒነር ከሆነ ደግሞ ክብ የሆነውን ምረጡ፣ ቀጭኑ ቅጠል መሳይ በንጹህ ውሃ ያምራል እንጂ ውሃ አይመታም። መጠኑም ወፈር ይበል።

ቀለም ላይ ሁለት ይበቃል። አንዱ ጥቁር ነው፣ ሰው አያምንም ግን ዓሣው ከታች ወደ ሰማይ ሲያይ ጥላው ጥርት ብሎ የሚታየው የጥቁሩ ነው። ሌላው ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ፣ ወይ ብርቱካናማ። ሰማያዊ ብርሃን ቡኒ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይዋጣል፣ ለዛ ነው ብረት ከሆነም ከነጩ ይልቅ ወርቅማ ወይ መዳብማ የሚሻለው።

ሉር እኛ ጋ እንደልብ አይገኝም፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከሌላችሁ ስሩት። ርካሽ ማንኪያ ግዙ፣ እጀታውን በብረት መጋዝ ቁረጡት፣ ጠርዙን እጅ እስከማይቆርጥ ሞርዱት፣ ከሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ቀዳዳ ብሱ፣ ባንዱ መንጠቆ በሌላው ክር በትንሽ ቀለበት ይገባል። ጀርባውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጋችሁ ግማሹን ጥቁር የጥፍር ቀለም ቀቡት። ማንኳኳት እንዲችል ከጋራዥ የአሮጌ ኩሽኔታ ትንንሽ ጥይቶች ለምኑ (ኮምቦልቻ ይሄ አይጠፋም)፣ ሁለት ሶስቱን ቁራጭ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ከታችሁ ሁለቱንም አፍ በሱፐር ግሉ ድፈኑና ከማንኪያው ጀርባ ለጥፉት። ሲንጫጫ ያስቃል ግን ይሰራል። ማንኪያ ሲጎተት ስለሚሽከረከር ክሩ ላይ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠመዘዝ ራሱ የሚዞር ትንሽ ማያያዣ) ካላደረጋችሁ ተጠማዞ ተጠማዞ ይበላሽባችኋል።

አጎታተት ላይ ቀስ በሉ፣ ዓሣው አላየውም እኮ፣ ፈልጎ እስኪደርስ ጊዜ ስጡት። ባስም ቢሆን ውሃ ሲደፈርስ ወደ ዳር መጥቶ ግንድና ሳር ስር ነው የሚጠጋው፣ ስለዚ መሀል ሐይቅ ላይ ለመወርወር አትታገሉ፣ ከሳሩ ዳር ዳር አሳልፉት። ክሩ ወፍራም ይሁን፣ በዚህ ውሃ ውስጥ ማንም አያየውም፣ አምባዛ ደግሞ ሲጎትት አይቀልድም። የማህበር አጥማጆች መረብ የሚዘረጉበትን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ተንሳፋፊ ኮዳ ወይ ፕላስቲክ ካያችሁ ከሱ ራቅ ብላችሁ ወርውሩ፣ መንጠቆ መረብ ከያዘ መረቡም ሉሩም ነው የሚበላሸው።