ለዓመታት የቆመች ቮልስ ቁልፍ ከመጠምዘዙ በፊት

በአዲስ አበባ ግቢዎች ጥግ፣ በሸራ ሥር፣ ዛሬም ቮልሶች አሉ። እንዲህ ያለችውን ስናገኝ የሚያምረን ባትሪ አምጥቶ ወዲያው ማስነሳት ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ፤ ከቆመችበት ዘመን ይልቅ ሞተሯን የሚገድለው ያ ችኮላ ነው።

መጀመሪያ የኋላውን ኮፈን ክፈቱና አይጥ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ እዩ። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቆርቆሮው ሽፋን ውስጥ ፋኑ የሚነፋው አየር ነው። እዚያ ሣርና ጨርቅ ከተጠቀጠቀ አየሩ ሲሊንደሮቹ ጋ አይደርስም፤ የሙቀት ጌጅም ስለሌላት ሞተሩ ሲነድ ሾፌሩ አያውቅም። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ሽፋኑን አስወርዱ። ሥራው አድካሚ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ አላውቅም።

ቀጥሎ አራቱን ካንዴላዎች (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) አውጡና በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ የዲናሞውን ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በ21 ቁልፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ዘይት ጨምሩና ጠብቁ። በጉልበት ያዞረ ሰው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሰብራል።

ከዞረ አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። ተቀያሪ ፊልትሮ ስለሌላት ከሥር ያለውን ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ፤ የሚገባው አዲስ ዘይት 2.5 ሊትር ነው።

ከፊት ያለውን ታንከር አራግፉ፣ ካርቡሬተሩን ፈትታችሁ እጠቡ። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን ግን ደህና ቢመስሉም ሁሉንም ቀይሩ። የደረቀ ቱቦ ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ብዙ ቮልስ ተቃጥሏል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ 6 ቮልት ስለሆኑ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ። የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ ክዳን አድርጉበት።

ፍሬኑን ለመካኒክ ስጡት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ የፍሬኑ ሲሊንደሮች ከውስጥ ይዝጋሉ፤ አሮጌ ቱቦም ወደ ውስጥ አብጦ ፍሬኑን እንደያዘ ያስቀራል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ይጣል።

አሁን ካንዴላዎቹን ሳትመልሱ፣ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የኮይሉን ሽቦ ነቅላችሁ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አዙሩ። ከዚያ ሁሉንም መልሳችሁ አስነሱ። መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ የጨመራችሁት ዘይት ነውና አትደንግጡ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዘይቱን እንደገና ቀይሩ፤ ወንፊቱንም አውጥታችሁ ብረት ብናኝ እንዳለበት እዩ።