ተማሪዎችን ከጠዋቱ ጭስ እንዴት እንጠብቅ?

አዲስ አበባ ውስጥ በበጋ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ያድራል። ሞቅ ያለው አየር ከላይ እንደ ክዳን ስለሚጫነው የመኪናው፣ የከሰሉና የማገዶው ጭስ መውጫ ያጣል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ አየሩ አይጠራም፤ ተማሪው በር ላይ የሚጋፋውና ሰልፍ የሚቆመው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ፕሮግራሙ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከጥቅምት እስከ ጥር የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሁን። የሚሮጥ ልጅ ከተቀመጠው ልጅ ብዙ እጥፍ አየር ይስባል፣ በአፉም ስለሚተነፍስ አፍንጫው አቧራውን አያጣራለትም። ሰልፉን አሳጥሩት፤ ከአስፋልቱ ራቅ ወዳለው የግቢው ጫፍም ውሰዱት።

በር ላይ ዘበኛው የቆመ መኪና ሁሉ ሞተር እንዲያጠፋ ያድርግ። የኬጂ ልጅ ፊት ከጭስ ማውጫው ብዙም ከፍ አይልም። ሰርቪሶች ከበሩ 50 ሜትር ያህል ርቀው ያውርዱ። ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያወጣ በር ካለ እሱ ይከፈት።

በመንገድ በኩል ያሉ መስኮቶች እስከ 4 ሰዓት ይዘጉ፣ በግቢው በኩል ያሉት ግን ይከፈቱ። ሁሉንም መዝጋት ትልቅ ስህተት ነው፤ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ጉንፋንና ቲቢ በቀላሉ ይዛመታሉ። ተራ የጨርቅ ማስክም ደቃቁን ጭስ አያስቀርም።

ግቢው ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይርከፍከፍበት። የምገባ ወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ ከጣሪያው በላይ ካልወጣ ጭሱ ወደ ክፍሎቹ ይመለሳል። ቆሻሻ ግቢ ውስጥ በፍጹም አይቃጠል። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ በሚታወቀው የኅዳር 12 ማጠን፣ ሰፈሩ በጭስ ሲሸፈን፣ የሜዳ ጨዋታ ይቅር።

አስም ያለባቸውን ልጆች መዝግቡ፤ የታዘዘላቸው ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) የማይቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ስፔሰር (በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው ማጠራቀሚያ) ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፦ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ ሳትወለውሉ አድርቁት፣ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት። ልጁ ሲያፍነው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ የሃይላንዱን አንገት በከንፈሩ ይያዝ። አንድ ጊዜ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን የፓፍ መድኃኒት) ንፉ፣ 4 ጊዜ ይተንፍስ፤ እንዲህ እያላችሁ 4 ጊዜ እስኪሞላ ድገሙ። ከ4 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው እንደገና ስጡት። አሁንም ካልለቀቀው፣ ወይም ገና ከመጀመሪያው መናገር ካቃተው፣ ወላጅ እስኪመጣ ሳትጠብቁ፣ በየ4 ደቂቃው እየነፋችሁለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።