ዘመድ ወዳጅ ይዞ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከልን ለመጎብኘት

ፍሎሪዳ ወደሚገኘው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ሰው ሰብስቤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ አሥራ ሰባት ነበርን። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደውን ግዙፍ ሮኬት፣ ሳተርን 5ን፣ ያየነው ግን አሥራ አንዳችን ብቻ ነን። ስድስቱ፣ እናቴም ከነሱ ጋር፣ ሳያዩት ተመለሱ። እስካሁን ይቆጨኛል። ይህንን የምጽፈውም የናንተ ሰው እንደዚያ እንዳይመለስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተርን 5 ያለው ከዋናው የጎብኚዎች ግቢ ርቆ ነው። በእግር አይደረስበትም፣ በራሳችሁ መኪናም አይኬድም። የሚወስዳችሁ የማዕከሉ አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ ግቢው ከመዘጋቱ ቀደም ብሎ ሥራ ያቆማል። እኛ ያን ቀን ፎቶ ስንነሳ፣ ቡና ስንጠጣ፣ ልጆች ስንጠብቅ ቀኑ ተጋመሰ። ከፊሎቻችን ቀድመን ተሳፈርን። እነ እናቴ ምሳቸውን ጨርሰው ሲመጡ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል።

ስለዚህ በሩ ሲከፈት ግቡና የትም ሳትቆሙ ወደ አውቶቡሱ ሂዱ። የሚያምር ነገር ሁሉ በመንገዳችሁ ላይ ይጠራችኋል፤ እለፉት። ስትሳፈሩ መስኮቱን ለልጆችና ለትልልቅ ሰዎች ልቀቁላቸው። ሮኬቶቹ የሚገጣጠሙበት ሕንፃ 160 ሜትር ይረዝማል። ግን ዙሪያው ሜዳ ስለሆነ ካልቀረባችሁት በቀር ትልቅነቱ አይገባችሁም። ቦዩንም እዩ። አካባቢው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ አዞ አይጠፋም። የኛ ልጆች ከሮኬቱ በፊት የቆጠሩት አዞ ነው።

ከአውቶቡሱ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚያስገቧችሁ ሰዎችን ይዛ ጨረቃን የዞረችው አፖሎ 8 እ.ኤ.አ. በ1968 ስትተኮስ የነበረው የመቆጣጠሪያ ክፍል እንደገና ወደተሰናዳበት አዳራሽ ነው። ቆጠራው ያልቃል፣ መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ በሩ ይከፈትና በአምስቱ ሞተሮች ሥር ትወጣላችሁ። እዚህ ጋ ሰዉን አትጣደፉበት። ሮኬቱ በጎኑ ተጋድሟል፣ 111 ሜትር ነው። ከሞተሩ እስከ ጫፉ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በሁለተኛው ጉዞ እናቴን ክንዷን ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድኳት። መሐል ላይ ቆም ብላ «ይሄ ሁሉ ለሦስት ሰው ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ለሦስት ሰው ነው። ሰዎቹ የሚቀመጡባት ጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል ናት። አብዛኛው ሌላው አካል ነዳጅና ሞተር ነው።

እዚያው ሕንፃ ውስጥ በእጅ የሚነካ የጨረቃ ድንጋይ አለ። ትንሽ ነው፣ የእጅ ብዛት አለስልሶታል። እናቴ በሁለት ጣቷ ዳበሰችው፣ ከዚያ ጣቶቿን አየቻቸው። ወረፋ ካለ ጠብቁ፣ እንዳትዘሉት።

ለዚህ ጉዞ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መድቡ። ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት የማስወንጨፊያ ቀን መሆን አለመሆኑን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። ሮኬት በሚተኮስበት ቀን የአውቶቡሱ ጉዞ ሊቀየር ይችላል።

ስለ ሰው አያያዝ አንድ ሁለት ነገር ልበል። አሥራ ሰባት ሰው አንድ ላይ አይሄድም፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲል ሁሉም ይቆማል። አራት አራት አድርጋችሁ ክፈሉ፣ ለየአራቱ አንድ ኃላፊ ይኑር። ትኬቱን ሁሉ አንድ ስልክ ላይ አታድርጉ፣ ለየኃላፊው ላኩላቸው። ባትሪ ካለቀ ሁላችሁም በር ላይ ትቀራላችሁ። መገናኛችሁን አትላንቲስ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ያለችበት ሕንፃ መግቢያ አድርጉት። ፊት ለፊቱ ግዙፍ ብርቱካናማ የነዳጅ ታንክ ቆሟል፣ ከሩቅ ይታያል። ማንም አይጠፋም።

በጋ ላይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ የተለመደ ነው። ያኔ አትላንቲስ ውስጥ ሁኑ። አትላንቲስ 33 ጊዜ ጠፈር ደርሳ የተመለሰች፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 የመጨረሻውን የሹትል፣ ማለትም ተመላልሶ የሚበር የጠፈር መንኮራኩር፣ በረራ ያደረገች ናት። ከውጪ እያያችሁ ብቻ አትለፉ፣ ቀረብ በሉ። ሆዷን የሸፈኑት ጥቁር ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ከጠፈር ስትመለስ እሳቱ ያሳረረው ግራጫ ግርፋትም አልጠፋም። ከጠፈር የመጣችው እሷው ራሷ ናት፣ ቅጂ አይደለችም።

የዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ፣ በአደጋ ለጠፉት ሁለት ሹትሎች፣ ለቻሌንጀርና ለኮሎምቢያ፣ አሥራ አራት ጠፈርተኞች የተዘጋጀ መታሰቢያ አለ። የቻሌንጀር የጎን አካል ስባሪና የኮሎምቢያ የመስኮት ፍሬሞች እዚያ ናቸው። ለየሟቹ የየራሱ ዕቃ ተቀምጧል። ልጆች ከመግባታቸው በፊት ምን እንደሚያዩ ንገሯቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉም። እኛ ሳንነግራቸው ገብተን እየሮጡ አለፉ፣ እዚያ ቆሞ የነበረ አንድ ሽማግሌ ዞር ብሎ አያቸው። በሁለተኛው ጊዜ ነገርናቸው። ትልቁ የእህቴ ልጅ አሥራ አራቱንም ስሞች አንድ በአንድ አነበበ።

ዶፉ ሲያባራ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ጠዋት ያለፋችሁትን የሮኬት ሜዳ ያኔ ሂዱበት። ሮኬቶቹ እዚያው ናቸው፣ የትም አይሄዱም። የቡድን ፎቶውም የሚያምረው በዚያ ሰዓት ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን አራት አራቱን ቁጠሩ።