ከተማ ለአደጋ ሲዘጋጅ፦ ማን፣ መቼ፣ በምን ምልክት ያዛል?

ብዙ የከተማ አስተዳደሮች የአደጋ ዕቅድ አላቸው። ወፍራም ጥራዝ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ጎርፍ ወይም እሳት ሲነሣ ግን ማንም አይገልጠውም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚባክኑት በመኪናና በመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። «ይህን ማዘዝ የምችለው እኔ ነኝ ወይስ አለቃዬ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሰዓት ይነጉዳል። እንግዲህ ዕቅድ መጻፍ ማለት በአብዛኛው ውሳኔዎቹን በሰላሙ ጊዜ ወስኖ ማስቀመጥ ነው።

መነሻው ካርታ ነው። ውኃ የሚተኛባቸውን ቦታዎች፣ ተዳፋት ላይ የተሠሩ ቤቶችን፣ የነዳጅ ዴፖዎችንና የኬሚካል መጋዘኖችን አንድ ላይ ምልክት አድርጉ። በዚያው ካርታ ላይ ሆስፒታሎችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ የውኃ ማጣሪያውን፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎችንና ድልድዮችን ጨምሩ። ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ ቀዳሚ ሥራችሁ ነው። ስለ ጎርፍ ነባር ነዋሪዎችን ጠይቁ፤ ባለፈው ውኃው የቱ ግድግዳ ላይ እንደደረሰ በጣት ያሳዩዋችኋል። በመጋዘን ያለውን ደግሞ በዓይነትና በመጠን መዝግባችሁ ዝርዝሩን የእሳት አደጋ ተረኛው እጅ ላይ አድርሱት። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤሩት ወደብ ላይ የፈነዳው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት (ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚውል ኬሚካል) ለዓመታት እዚያው ተከማችቶ የቆየ ነበር። እሳት ሊያጠፉ የተላኩት ሠራተኞች ግን መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ ደርሰው አለቁ።

ቀጥሎ የትእዛዝ ሰንሰለት። በሥፍራው አንድ አዛዥ ይኑር። ከሥሩ አራት ክፍሎች ይቆማሉ፦ ስምሪት፣ ዕቅድና መረጃ፣ አቅርቦት፣ ፋይናንስ። ይህ አሠራር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያን ያነደደው ሰደድ እሳት የየመሥሪያ ቤቱን አለመናበብ ካጋለጠ በኋላ ነው። አንድ ኃላፊ በቀጥታ የሚያዛቸው ሰዎች ከ3 እስከ 7 ቢሆኑ ይበጃል፤ 5 ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ስም ጻፉ፤ ዋናው ጉዞ ላይ፣ ምክትሉ የገዛ ቤቱን ጎርፍ እየተከላከለ ሊሆን ይችላልና። ከንቲባው ቦታው ላይ ደርሶ ቱቦ የት እንደሚዘረጋ ማዘዝ የለበትም። የእሱ ድርሻ የአስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ በጀት መልቀቅና ለሕዝብ መናገር ነው። በሁለት አፍ የሚታዘዝ ሠራተኛ የሁለቱንም ትእዛዝ አይፈጽምም፤ ይህን ከንቲባው ፊት መናገር ቢከብድም ዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የማዘዣ ምልክት። «ሁኔታው አስጊ ሲሆን ነዋሪዎች ይወጣሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ዋጋ የለውም። አስጊ የሚባለው ስንት ሜትር ላይ ነው? ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ውኃው በወንዙ ላይኛው ክፍል ካለው የከፍታ መለኪያ ተነሥቶ ሰፈሩ ለመድረስ 6 ሰዓት ይፈጅበታል እንበል። ነዋሪውን ለማስወጣት 3 ሰዓት፣ በድምፅ ማጉያና ቤት ለቤት ለማስጠንቀቅ 1 ሰዓት ተኩል፣ ቡድኑን ለማሰባሰብ 45 ደቂቃ ያስፈልጋል። ለመወሰን የቀራችሁ 45 ደቂቃ ነው። ሌሊት ከሆነና ማሰባሰቡ እጥፍ ከወሰደ ምንም አልቀረም። ስለዚህ የሌሊቱ ምልክት ከቀኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ውኃው እዚያ ሲደርስ ተረኛው ስብሰባ ሳይጠብቅ ያዝዝ። ተረኛው በስህተት ቢያስወጣ እንደማይቀጣም በጽሑፍ ይረጋገጥለት፤ ያለዚያ ስልክ እየደወለ ፈቃድ ሲጠይቅ ያነጋል።

የማስጠንቀቂያ መልእክት አራት ነገር ይይዛል፦ ምን እየመጣ ነው፣ የት፣ መቼ፣ ሰው ምን ያድርግ። አስቀድሞ ተጽፎ የቦታና የሰዓት ክፍተቱ ብቻ ይቀመጥ።

ማስተባበሪያ ማዕከሉ ራሱ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ተለዋጭም ይኑረው። ጄኔሬተሩ 72 ሰዓት የሚያሠራ ነዳጅ ያስፈልገዋል፦ በሰዓት 20 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ 1,440 ሊትር። በየወሩ ሙሉ ጭነት አሸክማችሁ ፈትኑት፤ ያለ ጭነት አስነሥቶ ማጥፋት ምንም አይነግራችሁም። ነዳጁ በምን መንገድ እንደሚደርሰውም ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን ሲመታ የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ በደኅና ነበሩ፤ የነዳጅ ፓምፖቹ ግን ምድር ቤት ውስጥ ሰጠሙ። ወታደሮች ነዳጁን በደረጃ እየተቀባበሉ በእጅ አወጡ፤ በመጨረሻ ሕሙማኑን ማስወጣት ግድ ሆነ። የሞባይል ኔትወርክ በሰው ብዛት እንደሚጨናነቅም ቁጠሩ፤ ድምፅ ሲያቅት አጭር መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ዋናው መተማመኛ ግን የሬዲዮ መገናኛ ነው።

የመጠለያ ሒሳብ ቀላል ቢመስልም ብዙ ይሳታል። ለአደጋ ተጎጂዎች ርዳታ የወጣው ዓለም አቀፉ የስፊር (Sphere) መለኪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ወለልና በቀን 15 ሊትር ውኃ ይላል። 700 ካሬ ሜትር አዳራሽ እንግዲህ 200 ሰው ይይዛል፤ በቀን 3,000 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። መጸዳጃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ፣ እንደተቻለ ለ20 ሰው አንድ፤ ማለትም ከ4 ተነሥቶ 10። የሴቶቹ ከወንዶቹ ይብዛ፣ ለብቻው ይሁን፣ ከውስጥ ይቆለፍ፣ ሌሊት መብራት ይኑረው። ውኃው በክሎሪን ከታከመ ቧንቧው ላይ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መሆኑን በየቀኑ ለኩ። የአዳራሹ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ መቼም በእረፍት ቀን ስልኩ የማይነሣ አንድ ጥበቃ ዘንድ ብቻ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ልምምድ ሳይደረግ ዕቅዱ አለ አይባልም። በየሦስት ወሩ ሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ አንድ አደጋ በቃል ተለማመዱ። በዓመት ሁለቴ ደግሞ ሳታስታውቁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተረኞችን ዝርዝር ደውሉ፤ ስንቱ እንዳነሣ፣ ስንቱ ቁጥር እንደተቀየረ መዝግቡ። የታየው ጉድለት ሁሉ የሚያስተካክለው ሰው ስምና የመጨረሻ ቀን ይጻፍለት።

አደጋው ጋብ ሲል ፍርስራሽ ለማንሣት ጥድፊያ ይመጣል። ከማንሣታችሁ በፊት እያንዳንዱን የፈረሰ ቤት ከአራት ማዕዘን ፎቶ አንሡ፤ የተከራያችሁት ማሽን የሠራበትን ሰዓት በየቀኑ አስፈርሙ። ካሳና የወጪ ማካካሻ ሲጠየቅ ያለዚህ ሰነድ የሚከፍል የለም። አስከሬን ወረርሽኝ ያመጣል በሚል ፍርሃት በጅምላ ለመቅበርም አትቸኩሉ፤ በአደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ የሚያስነሣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ፎቶ አንሡ፣ ቁጥር ስጡ፣ የተገኘበትን ቦታና በላዩ የነበረውን ዕቃ ጻፉ፣ ቤተሰብ እስኪለየው በተለየ መቃብር ይቀመጥ።