የቆላችን ትንኝ ቫይረስ የማስተላለፍ ብቃቷ ከዘር መሆኑን እንዴት እንለያለን?

ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ የሚወርድ ሰው ውኃ በበርሚልና በሮቶ የሚጠራቀምባቸውን ግቢዎች፣ በየጎሚስታው ደጃፍ የተከመሩ አሮጌ ጎማዎችንም ያያል፤ ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይ የተባለች ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለው ውኃ ነው። ደንጊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ድሬዳዋ ላይ በወረርሽኝ መልክ ስለታየ፣ የሰሜን ሸዋ ቆላ ትንኞችም ቫይረሱን የማስተላለፍ ብቃታቸው ምን ያህል እንደሆነና ልዩነቱ ከዘር ይሁን ከአስተዳደግ ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። መመሪያው የተዘጋጀው ጥናቱን ለሚያቅዱ የሥነ ሕይወት ተማሪዎችና የጤና ባለሙያዎች ነው።

እንቁላል ለመሰብሰብ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣሳ እስከ ግማሹ ውኃ ሞልተው፣ ውስጡን በሻካራ ጨርቅ ሸፍነው ጥላ ሥር ያስቀምጡ። ትንኟ ጥቃቅን ጥቁር እንቁላሎቿን ከውኃው ጠርዝ ከፍ ብሎ ባለው እርጥብ ጨርቅ ላይ ትጥላለች። ጣሳውን ከአንድ ሳምንት በላይ አያቆዩት፤ አለዚያ ለሰፈሩ ትንኝ እያራባን ነው። በዝግታ የደረቀ እንቁላል ለወራት ሳይሞት ስለሚቆይ ትንኞቹ ወደሚያድጉበት ክፍል፣ ደብረ ብርሃን፣ ማጓጓዙ አያስቸግርም። የተፈለፈሉት ሲያድጉ በደረታቸው ጀርባ ላይ ያለውን ክራር የሚመስል ነጭ ምልክት በአጉሊ መነጽር አይተው ዝርያውን ያረጋግጡ።

አንዲት ትንኝ እንቁላሏን በተለያዩ ዕቃዎች ስለምትበትን፣ በአንድ ጨርቅ ላይም የብዙ እናቶች እንቁላል ስለሚገኝ፣ ጨርቁን እንደ አንድ ቤተሰብ መቁጠር ስሕተት ነው። ያደጉት እንስቶች ከወንድ ጋር ከተራከቡና ደም ከጠጡ በኋላ እያንዳንዷን በየብልቃጧ ለይተው እንቁላል ያስጥሉ፤ ልጆቿንም በተለያዩ ሳሕኖች ከፋፍለው ያሳድጉ። የእጮቹ ብዛት፣ ምግባቸውና ሙቀታቸው እኩል ካልሆነ የዘር ልዩነት ያልነው የረኀብ ወይም የብርድ ውጤት ሊሆን ይችላል። በተለይ የደብረ ብርሃን ብርድ የቫይረሱን መራባት ስለሚያዘገይ ክፍሉን ወደ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቆ ማቆየት የግድ ነው። ቮልባኪያ የተባለው ባክቴሪያም ከእናት በእንቁላል የሚተላለፍና ደንጊን የሚያዳክም በመሆኑ የዘር ውርስ ሊመስል ይችላል፤ መኖር አለመኖሩን ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለየው የፒሲአር ምርመራ ያጣሩ።

ቫይረስ ያለበትን ደም ማጠጣት የሚፈቀደው ተገቢው የደኅንነት ደረጃ ባለው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው፤ በተራ የማስተማሪያ ክፍል ፈጽሞ አይሞከርም። ከ14 ቀን ገደማ በኋላ የእያንዳንዷን ትንኝ አካል፣ እግርና ምራቅ ለየብቻ ይመርምሩ፤ ምክንያቱም ቫይረሱ አንጀት ውስጥ መግባት፣ ከአንጀት መውጣትና የምራቅ ዕጢ መድረስ አለበት፤ በየደረጃው የሚያግዱት ጂኖች ደግሞ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ ቫይረስ ያለበትን ደም ከጠጡት 40 ትንኞች 30ው ቢያዙ፣ 18ቱ በእግራቸው፣ 6ቱ በምራቃቸው ቫይረስ ቢገኝባቸው፣ የተያዙት 75 ከመቶ፣ ከተያዙት ውስጥ ቫይረሱ የተሠራጨባቸው 60 ከመቶ፣ ከጠጡት ሁሉ ሊያስተላልፉ የሚችሉት ግን 15 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መቶኛው ከየትኛው ቁጥር እንደተሰላ ሁልጊዜ ይጻፍ።

በቤተሰቦች መካከል ያለው ልዩነት በቤተሰብ ውስጥ ካለው በግልጽ ከበለጠ ጂኖቹን መፈለግ ይጀመራል። የቫይረሱን አርኤንኤ (የዘር መረጃውን የያዘውን ሞለኪውል) የሚቆራርጠውን ፕሮቲን የሚያሠራው ዳይሰር-2 የተባለ የትንኟ ጂን ጥሩ መነሻ ነው። ይሁን እንጂ ለአንዱ ቫይረስ የማትበገር ትንኝ ለሌላው ልትመች ስለምትችል፣ ውጤቱ የሚጻፈው ከቫይረሱ ዓይነትና ከሙከራው ሙቀት ጋር ነው።