ሰርክስ ኤንጂ ውጤት አላመጣ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሰርክስ ኤንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተጀመረው ሰርክስ በ2021 ተገንጥሎ የወጣ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የፍለጋ መሣሪያ ነው። የራሱ የድረ ገጽ ማውጫ የለውም። ጥያቄዎን ተቀብሎ ለጉግል፣ ለቢንግ፣ ለዊኪፔዲያና ለመሳሰሉት በራሱ አድራሻ ያቀርባል፤ መልሳቸውንም አሰባስቦ ያሳይዎታል። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከዚህ አማላጅነት ነው።

ገጹ ይከፈታል፣ ውጤት ግን የለም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ለመደው ፍለጋ ይመለሳል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏልና። መልስ ያልሰጡት የፍለጋ ሞተሮች ስም ተዘርዝሮ ከጎኑ ካፕቻ (ሮቦት አለመሆንን የሚፈትን ጥያቄ)፣ የጥያቄ ብዛት ወይም መልስ የመጠበቂያ ጊዜ ማለቅ መሆኑ ይገለጻል።

ካፕቻ ወይም የጥያቄ ብዛት ከሆነ፣ በሰርቨሩ (ሰርክስ ኤንጂ በተተከለበት ኮምፒውተር) የሚጠቀመው ሰው ሁሉ ጥያቄ ከአንድ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ስለሚወጣ ሞተሩ ሮቦት መስሎት ዘግቶታል። ሰርክስ ኤንጂም ያንን ሞተር ለጊዜው መጠየቅ ያቆማል፤ ካልተቀየረ በስተቀር ለጥያቄ ብዛት 1 ሰዓት፣ ለካፕቻ ደግሞ 1 ቀን ያህል። ስለዚህ ገጹን ደጋግሞ ማደስ ዋጋ የለውም። በምርጫዎች ገጽ ሌሎች ሞተሮችን ያብሩ፤ ካልሆነ ሰርክስ ዶት ስፔስ ላይ ከተዘረዘሩት የሕዝብ ሰርቨሮች ሌላ ይምረጡ።

የጊዜ ማለቅ ከሆነና ሰርቨሩ በቤትዎ ኮምፒውተር ላይ ያለ ከሆነ፣ ኢንተርኔትዎ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው መልስ የሚጠብቀው 3 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ወደ 6 ወይም 8 ያሳድጉት።

ቁጥር 429 ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የከለከለዎት ሞተሩ ሳይሆን ሰርቨሩ ራሱ ነው። ቪፒኤን (አድራሻዎን በሌላ የሚተካ አገልግሎት) ከበራ ያጥፉ፤ ካልተፈታ ሰርቨር ይቀይሩ።

በአማርኛ ሲፈልጉ ጥቂት ብቻ ይመጣል

በመጀመሪያ የፍለጋ ቋንቋውን ይመልከቱ፤ እንግሊዝኛ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፊደሉን። «ኃይለ ሥላሴ» እና «ሃይለ ስላሴ» ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ኃ እና ሃ፣ ሥ እና ስ የተለያየ ኮድ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ጋዜጣው በአንዱ፣ መጽሐፉ በሌላው ከጻፈው ግማሹ ሊያመልጥዎት ይችላል። በተለይ የሰውና የቦታ ስም ሲፈልጉ በሁለቱም አጻጻፍ ይሞክሩ፤ ፀሐይን ጸሀይ ብለውም ይጻፉ። ይህ የሰርክስ ኤንጂ ጉድለት አይደለም፤ ከኋላው ያሉት ሞተሮች ለአማርኛ ያላቸው ትኩረት አነስተኛ ስለሆነ ነው።

ምርጫዎቼ ጠፉ

መለያ ስለማይከፈት ምርጫዎ የሚቀመጠው በራስዎ አሳሽ ኩኪ (ድረ ገጽ አሳሽዎ ላይ በሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) ውስጥ ነው፤ ኩኪ ሲጸዳ አብሮ ይሄዳል። የምርጫዎች ገጽ የኩኪ ክፍል ምርጫዎን የያዘ አድራሻ ይሰጣል፤ እሱን ዕልባት ያድርጉት።

ማስታወቂያው አሁንም ይከተለኛል

ከውጤቶቹ አንዱን ሲጫኑ ሰርክስ ኤንጂ ከመካከል ይወጣል፤ የከፈቱት ድረ ገጽ አይፒ አድራሻዎን ያያል፣ ኩኪም ይተክላል። በአሳሽዎ ላይ መከታተያ የሚከለክል ተጨማሪ ይጫኑ። ምስሎችም በቀጥታ ከምንጫቸው ሊጫኑ ስለሚችሉ በምርጫዎች ገጽ የምስል ፕሮክሲውን (ምስሉን በሰርቨሩ በኩል የሚያመጣውን ምርጫ) ያብሩ።

የሕዝብ ሰርቨር ባለቤት ከፈለገ ጥያቄዎን ማየት እንደሚችል አይርሱ። ይህን ፈርተው የራስዎን ቤትዎ ቢተክሉ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ከእርስዎ አይፒ አድራሻ ብቻ ይወጣል፤ ጉግልም የአንድ ቤት ፍለጋ መሆኑን ያውቃል። የእኔ ምክር የመካከለኛው መንገድ ነው፦ የሚያምኑት ሰው ሰርቨር ተከራይቶ ይትከለው፣ ቤተሰብና የሥራ ባልደረባ በጋራ ይጠቀምበት። ያኔ የማን ጥያቄ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ የተጠቃሚው ቁጥርም ካፕቻ እስከሚያመጣ ድረስ አይበዛም።