ሲግል ወደ ላይ የሚስተው ጠመንጃ

ለድኩላ አደን ፈቃድ የወጣበትን አዲስ ባለ መነጽር 30-06 (የጥይቱ ዓይነት ነው) ጠመንጃ ጎጃም፣ ደጀን ከተማ ስንሞክረው በ100 ሜትር የመጀመሪያው ጥይት መሀሉን ይመታል፤ በርሜሉ ሲግል ግን ቀጣዮቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። መነጽሩን ደጋግመን አስተካከልን፣ ብሎኖቹን አጠበቅን፣ ጥይት ቀየርን፤ ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተን፣ የአሥር ብር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ከጫፍ ወደ ኋላ ሳብን። መሀል ላይ ተቀረቀረ። ለካስ የጎጃም ክረምት እንጨቱን አሳብጦት በርሜሉን በአንድ ጎን እየገፋው ነው፤ በርሜሉ ሲግል አቅጣጫውን የሚስተውም ለዚህ ነው። ፈትተን የሚነካካውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፤ እርጥበት እንዳይገባ ቫርኒሽ ቀባን። ሲደርቅ ብሩ ሳይያዝ አለፈ። መነጽሩን እንደገና አስተካክለን ስንተኩስ፣ በርሜሉ ግሎም ጥይቶቹ አንድ ላይ አረፉ።

እስከ አፈሙዙ እንጨት የለበሰውን የድሮ ምንሽር ግን እንዲህ አትፋቁት፤ የእሱ አሠራር ሌላ ነው።